ሪሲቨሩ ሞቷል ወይስ ረስቷል? የባለ ስምንት እግሯ ቺፕ ነገር

እስቲ ለአንድ ምሽት በየዳ እንሂድ። ወረዳዋን የማታውቋት ካላችሁ፣ ራስ ደጀን ያለው እዚያ ነው፤ የአገራችን ከፍተኛው ተራራ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ። ድልይብዛ ከተማ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጣችኋል እንበል። ውጪው ብርድ ነው፤ ቤቱ ግን በሰው ሞልቷል። ማታ ኳስ አለ። ችግሩ፣ የዲሹ ሪሲቨር ሶፍትዌሩ አርጅቶ አንዳንዱን ቻናል አልከፍት ብሏል። የአክስታችሁ ልጅ አዲሱን ሶፍትዌር ከደባርቅ በፍላሽ ዲስክ ይዞ መጥቷል። ሰካው፣ በሪሞቱ «አፕግሬድ» የሚለውን ተጫነ፣ ስክሪኑ ላይ መስመሩ መሙላት ጀመረ። 20 በመቶ፣ 35 በመቶ፣ 41...

ድርግም! የሶላሩ ባትሪ አለቀ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፣ ባትሪው ሞላ፣ ሪሲቨሩ ተሰካ። ቀይ መብራት በራ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ስክሪኑ ጥቁር፣ ሪሞቱ ዝም። አያታችሁ «ይኼ እንግዲህ ሞቷል፤ ሌላ መግዛት ነው» አሉ። የአክስታችሁ ልጅ አንገቱን ደፋ።

አሁን ቆም ብለን እናስብ። ምንድን ነው የሞተው? ዕቃው አልወደቀም፣ ውሃ አልገባውም፣ መብረቅ አልመታውም፣ የተቃጠለ ሽታም የለም። ትናንት ማታ የነበረው ሽቦ ሁሉ ዛሬም ቦታው ላይ ነው። ታዲያ በአንድ ቅጽበት ዕቃውን ዝም ያሰኘው ምንድን ነው?

መልሱን አስቀድመን እንናገር፦ ሪሲቨሩ አልሞተም። ረስቷል። የረሳውን ደግሞ መልሶ ማስታወስ ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ከጣት ጥፍር የማትበልጥ አንዲት ቺፕ ማወቅ ይበቃል።

የዕቃው ማስታወሻ ደብተር

የሪሲቨሩ ቦርድ ላይ ትልቁ ጥቁር ቺፕ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። ፕሮሰሰር ግን አንድ ጠባይ አለው፦ በጣም ፈጣን፣ በጣም ታዛዥ፣ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ነገር የሚረሳ። መብራት ሲመጣ ማን እንደሆነ አያውቅም። ሪሲቨር መሆኑን፣ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር መኖሩን፣ ሪሞት ምን እንደሆነ ሁሉ አያውቅም። ስለዚህ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ማስታወሻ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ መግለጥ።

ያቺ ደብተር ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የተቀመጠችው ትንሿ ቺፕ ናት። በአንዱ ጎን አራት፣ በሌላው ጎን አራት፣ በድምሩ ስምንት እግር አላት። ጀርባዋ ላይ ብዙ ጊዜ «25ኪው32» ወይም «25ኪው64» የሚመስል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ስሟ ሲሪያል ፍላሽ ሜሞሪ ይባላል።

ሶፍትዌሩ የሚኖረው እሷ ውስጥ ነው። የቻናሎቹም ዝርዝር እንደዚያው። ሰዉ ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት፣ ማለትም ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲያዞር፣ ሪሲቨሩ አዲሶቹን ቻናሎች ፈልጎ መዝገቧቸዋል። በማግስቱ ነቅላችሁ ብትሰኩት ዝርዝሩ አልጠፋም፣ አይደል? ያቆየችው ይቺ ናት።

ሪሲቨር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ ከመክፈቱ በፊት የሚያነበው ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም፣ የዋይፋይ ራውተሩ ሶፍትዌር፣ የማተሚያ ማሽኑ፣ ተማሪዎች ለፕሮጀክት የሚጠቀሙበት ኢኤስፒ32 ቦርድ፣ እነዚህ ሁሉ የዚህችን ቺፕ ዘመድ ይዘዋል። አንድ የተወሰነ ሥራ ብቻ እንዲሠራ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር «ኢምቤድድ ሲስተም» ይባላል፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ማስታወሻ ደብተር አለው።

«ፍላሽ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በእኛ አገር «ፍላሽ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ ኪሳችን ውስጥ የምንይዘው ፍላሽ ዲስክ ነው። ሌላው ስልክ ጠጋኝ ጋ ሄደን «ስልኬን ፍላሽ አድርግልኝ» የምንለው ነው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው።

ፈጣሪው ቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የኤሌክትሮኒክስ ጉባኤ ላይ አዲሱን ሜሞሪ አቀረቡ። ከዚያ በፊት የነበሩት አንዳንዶቹ ሜሞሪዎች እንዲጠፉ በአልትራቫዮሌት ጨረር ሥር ለደቂቃዎች መቀመጥ ነበረባቸው። የማሱኦካ ሜሞሪ ግን ብዙውን ክፍል በአንድ ጊዜ በኤሌክትሪክ ያጠፋል። የሥራ ባልደረባቸው ሾጂ አሪዙሚ ይህን ሲያዩ የካሜራ ፍላሽ ትዝ አላቸው፤ ብልጭ ብሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ! ስሙም እንዲያው ቀረ።

ልብ በሉ፦ ስሙ የተሰየመው በመጻፉ አይደለም፣ በማጥፋቱ ነው። የድልይብዛው ምሽት ምስጢርም ያለው እዚሁ ማጥፋት ላይ ነው።

የተዘጋ ጎታ

መብራት ጠፍቶ ጽሑፉ እንዴት ይቆያል? ቺፗ ውስጥ ሚሊዮን ሚሊዮን ትንንሽ ትራንዚስተሮች አሉ። እያንዳንዳቸው ውስጥ ከማንም ጋር ያልተገናኘች ትንሽ ክፍል አለች። ዙሪያዋን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ንጥረ ነገር ተከባለች። ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1967 ቤል ላብስ ይሠሩ የነበሩት ዳዎን ካንግ እና ሳይመን ዚ ናቸው።

ክፍሏን አፉ በጭቃ እንደተመረገ ጎታ ቁጠሯት፤ እህሉ ኤሌክትሮን ነው። ጎታዋ ባዶ ከሆነች ትራንዚስተሩ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ይህን «1» እንለዋለን። ጎታዋ በኤሌክትሮን ከሞላች መንገዱ ይዘጋል፤ ይህ «0» ነው። ስምንት ጎታዎች አንድ ላይ አንድ ባይት ይሆናሉ። ጎታዋ ከተመረገች በኋላ መብራት ኖረ አልኖረ እህሉ የትም አይሄድም። አምራቾች «ከ20 ዓመት በላይ ይቆያል» ይላሉ።

ግድግዳው ግን ስስ ነው። ውፍረቱ ወደ 10 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የፀጉር ዘለላ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚቀጥን። ስለሚቀጥንም፣ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲመጣ ኤሌክትሮኖቹ ሰብረውት ሳይሆን ሾልከውት ያልፋሉ። ቺፗ የምትቀበለው 3.3 ቮልት ያህል ብቻ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋትን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ራሷ ውስጧ ባለ ትንሽ ሰርኪውት ታዘጋጃለች።

ይህ ግን ዋጋ አለው። ስልቻ ደጋግመው ሲሞሉትና ሲገለብጡት እንደሚሳሳ ሁሉ፣ ግድግዳውም ኤሌክትሮን ባለፈበት ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይጎዳል። የተለመደው ወሰን አንድን ቦታ ወደ 100,000 ጊዜ ማጥፋትና መጻፍ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ራስ ደጀን ላይ ስንወጣ እንፈልገዋለን።

ብራናው እና ቀለሙ

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጎንደር አካባቢ ያደጋችሁ ልጆች ብራና መጽሐፍ ሳታዩ አትቀሩም። ብራና ላይ ሲጻፍ አንድ ሕግ አለ፦ ቀለም መጨመር ቀላል ነው፤ ነጠብጣብ በፈለጋችሁት ቦታ ታኖራላችሁ። ቀለሙን ማንሳት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ መፋቅ ያስፈልጋል።

ፍላሽም ልክ እንደዚያ ናት። ያልተጻፈበት ባይት ሁሉም ቢቱ 1 ነው፦ 11111111። ነጭ ብራና ማለት ነው፤ በአሥር ቤት ቁጥር 255። መጻፍ ማለት አንዳንዶቹን 1 ወደ 0 መለወጥ ብቻ ነው። 0ን ወደ 1 መመለስ አይቻልም፤ መፋቅ አለበት። የዚህች ቺፕ ፍቂያ ደግሞ አንዲት ፊደል አይመርጥም። ትንሹ የሚፋቀው ክፍል ሴክተር ይባላል፤ 4,096 ባይት። አንዲት ቃል ለማስተካከል ሙሉውን ሉክ መፋቅ እንደማለት ነው።

ካልፋቅን ምን ይሆናል? እንሞክረው። የድሮው ባይት 10110101 ነው። እላዩ ላይ 11010110 መጻፍ ፈለግን። ቺፗ 0 የተባለውን ሁሉ 0 ታደርጋለች፣ 1 የተባለውን ግን እንዳለ ትተወዋለች። ውጤቱ፦

የድሮው፦ 10110101
አዲሱ፦ 11010110
የሚገኘው፦ 10010100

ድሮውንም አይደለም፣ አዲሱንም አይደለም። ቀለም በቀለም ላይ ተጽፎ የማይነበብ ሆነ። ስለዚህ ሶፍትዌር ሲታደስ ሌላ መንገድ የለም፤ መጀመሪያ ይፋቃል፣ ከዚያ ይጻፋል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ብራናው ባዶ የሆነበት ጊዜ አለ።

በገደል ጫፍ ላይ ያለ መንገድ

«ሲሪያል» ማለትስ? ስሜን ተራራ ላይ ገደል ገደሉን የሚሄደውን የእግር መንገድ አስቡት። በቅሎዎቹ ጎን ለጎን አይሄዱም፤ አንዷ ከአንዷ ኋላ፣ ተራ በተራ ናቸው። ሲሪያል ማለት ይኸው ነው፦ ቢቶቹ በአንዲት ሽቦ ላይ ተራ በተራ ይሄዳሉ።

የድሮዎቹ የፍላሽ ቺፖች ሰፊ መንገድ ነበራቸው። ለአድራሻው ብቻ ከ20 በላይ ሽቦ፣ ለመረጃው 8 ወይም 16 ሽቦ። የተለመደ ዓይነታቸው 48 እግር ነበረው። ያ ሁሉ እግር ቦታ ይፈጃል፣ ቦርዱን ያስወድዳል። የኛዋ ቺፕ በስምንት እግር ትጨርሰዋለች። ሁለቱ የኤሌክትሪክ መግቢያና መውጫ ናቸው። አራቱ ለንግግር ናቸው፦ አንዱ «አንቺን ነው የማናግረው» የሚል መጥሪያ፣ አንዱ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት፣ አንዱ ወደ ቺፗ የሚገባ መረጃ፣ አንዱ ከቺፗ የሚወጣ መረጃ። የቀሩት ሁለቱ እንደ መጻፍ መከልከል ላሉ ተጨማሪ ሥራዎች ናቸው።

ተራ በተራ መሄድ ቀርፋፋ አይሆንም? ሰዓቱ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ መምታት ይችላል። በእያንዳንዱ ምት አንድ ቢት ቢያልፍ፣ በሰከንድ 12 ሜጋባይት ገደማ ነው። ባለ 8 ሜጋባይቷን ቺፕ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ አንድ ሰከንድ አይሞላም። በቅሎዎቹ ሮጠው ነው የሚሄዱት!

ንግግሩም በቁጥር ነው። ፕሮሰሰሩ 3 ሲል «አንብቢልኝ» ማለቱ ነው። 6 ሲል «ልጽፍ ነው፣ ተዘጋጂ»። 32 ሲል «ይህን ሴክተር ፋቂ»። 2 ሲል «ይህን ጻፊ»፤ በአንድ ጊዜ የሚጻፈው ቢበዛ 256 ባይት ነው። ደስ የሚለው 159 ነው፤ «ማን ነሽ?» ማለት ነው። ዊንቦንድ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራት 25ኪው64 ስትጠየቅ በሦስት ቁጥር ትመልሳለች፦ 239፣ 64፣ 23። የመጀመሪያው የአምራቿ መለያ፣ ሁለተኛው የዓይነቷ መለያ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መጠኗ ነው፦ 2ን 23 ጊዜ በራሱ ብታባዙ 8,388,608 ይመጣል። 8 ሜጋባይት ማለት ነው።

ጀርባዋ ላይ 64 ተብሎ 8 መሆኑ እንዳያደናግራችሁ። 64 ሜጋቢት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ስታካፍሉት 8 ሜጋባይት ይሆናል።

ያን ምሽት በትክክል ምን ሆነ?

ወደ ድልይብዛ እንመለስ። የአክስታችሁ ልጅ ቁልፉን ሲጫን ፕሮሰሰሩ አዲሱን ሶፍትዌር ከፍላሽ ዲስኩ አንብቦ ለጊዜው በራሱ ሜሞሪ ያዘ። ከዚያ ባለ ስምንት እግሯን ቺፕ መፋቅ ጀመረ። አንድን ሴክተር መፋቅ በአሥር ሚሊሰከንዶች የሚቆጠር ጊዜ ይወስዳል፤ ትንሽ ይመስላል። ባለ 8 ሜጋባይቷ ግን 2,048 ሴክተሮች አሏት። ፍቂያው፣ ጽሑፉ፣ ትክክል መሆኑን መልሶ ማንበቡ ሲደመር ነገሩ ደቂቃ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

41 በመቶ ላይ መብራት ሲጠፋ ቺፗ ላይ የነበረው ይህ ነው፦ ከፊሉ አዲስ ሶፍትዌር፣ ከፊሉ ባዶ ብራና፣ ምናልባት መሐል ላይ በግማሽ የተፋቀ አንድ ሴክተር። ፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ ሜሞሪው ላይ የያዘው አዲሱ ሶፍትዌር ደግሞ ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄደ።

ጠዋት ፕሮሰሰሩ ተነሳ። «ማን ነኝ?» ብሎ ደብተሩን ገለጠ። አንዳንድ ሪሲቨሮች ላይ የመጀመሪያዎቹ ገጾች አይነኩም፤ ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለባቸው። እሱ ከተረፈ ጠጋኙ በኬብል አዲስ ሶፍትዌር ሊልክለት ይችላል፤ ነገሩ ቀላል ነው። እሱም ከተፋቀ ግን ፕሮሰሰሩ የሚያነበው 255፣ 255፣ 255 ብቻ ነው። ነጭ ወረቀት። የሚሠራው ስለማያውቅ ቆመ። ቀዩ መብራት ብቻ በራ፤ እሱ ኤሌክትሪክ መኖሩን እንጂ ሐሳብ መኖሩን አይናገርም።

አያታችሁ «ሞተ» ያሉት ይህን ነው። እውነቱ ግን፣ የገዛችሁት ዕቃ በሙሉ ደህና ነው። የጎደለው ጽሑፍ ነው።

የማስታወስ ሥራ

ሪሲቨሩን ደባርቅ ወይም ጎንደር ወዳለ ሥራውን የሚያውቅ ጠጋኝ ውሰዱት። ምን እንደሚያደርግ አጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ አሁን ታውቁታላችሁና።

መጀመሪያ የቺፗን ጀርባ በማጉያ መነጽር ያነባል። ቀጥሎ ወይ በስምንት ጥርስ ክሊፕ ይይዛታል፣ ወይ በሞቃት አየር ከቦርዱ ላይ ያነሳታል። ከዚያ ፕሮግራመር ከሚባል፣ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ከሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ጋር ያገናኛታል። ሲኤች341ኤ የሚባለው ርካሹ በየጥገና ቤቱ የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩ 159 ብሎ ይጠይቃል፤ «ማን ነሽ?»። 239፣ 64፣ 23 ካለች ጤነኛ ናት። ሦስት ጊዜ 255 ካለች ደግሞ ብዙ ጊዜ ክሊፑ በደንብ አልያዛትም ማለት ነው።

ከዚያ ጥሩ ጠጋኝ የሚያደርገው፣ ቸኳይ ጠጋኝ የሚዘልለው አንድ ነገር አለ፦ ምንም ከመፋቁ በፊት ያለውን እንዳለ አንብቦ ያስቀምጣል። የዕቃው መለያ ቁጥር የመሳሰሉ ለዚያ ሪሲቨር ብቻ የሚሆኑ ነገሮች እዚያ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዴ ከተፋቁ ሌላ የት ይገኛሉ? ቀጥሎ የዚያኑ ሞዴል ሙሉ ቅጂ ይፈልጋል፤ ጠጋኞች «ዳምፕ» ይሉታል። ይፍቃል፣ ይጽፋል፣ መልሶ አንብቦ ያመሳክራል። ቺፗን ይመልሳል፣ ይሰካል። ስክሪኑ ላይ ምልክቱ ብቅ ሲል የምታዩትን ፊት እንግዲህ ራሳችሁ አስቡት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። አንደኛ፣ በመስመር መብራት የሚሠራ ሪሲቨር ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ከጎናችሁ ሳይኖር እንዳትከፍቱ። ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹ ርካሽ ፕሮግራመሮች በመረጃ ሽቦዎቹ 3.3 ቮልት መላክ ሲገባቸው 5 ቮልት ይልካሉ። በ1.8 ቮልት ብቻ የሚሠሩ ቺፖችም አሉ። ያልለኩት ቮልቴጅ የረሳውን ዕቃ እውነት ሊገድለው ይችላል።

ጠጋኝ የማይደርስበት ቦታስ?

ደባርቅ ቅርብ ነው። ማርስስ ቢሆን? እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ስፒሪት፣ በሦስተኛ ሳምንቷ ድንገት ዝም አለች። የእሷ ፍላሽ ሜሞሪ ከኛዋ በጣም የሚበልጥና ዓይነቱም የተለየ ነበር፤ በሽታው ግን ይመሳሰላል። ፍላሿ ላይ ፋይል በዝቶ ስለነበር ኮምፒውተሯ ሲነሳ እነሱን ማስተናገድ ያቅተዋል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል፤ ከ60 ጊዜ በላይ። እንቅልፍ አጥታ ባትሪዋን ትጨርስ ነበር።

ምን አዳናት? ንድፏን የሠሩት ሰዎች ሌላ በር ትተው ነበር፦ «ፍላሹን ሳትነኪ ተነሺ» የሚል ትእዛዝ። ከምድር ላኩላት፣ ተነሳች፣ ፋይሎቹን አጠፉ፣ ሜሞሪውን እንደ አዲስ አዘጋጁ። ለ90 የማርስ ቀናት የታቀደችው ተሽከርካሪ ከ6 ዓመት በላይ ሠራች።

ትምህርቱ እንዲህ ነው፦ አዲሱ ቤት ሳያልቅ አሮጌውን ጎጆ አታፍርስ። ዛሬ ጥሩ የሚባሉ ዕቃዎች ሁለት ቦታ አላቸው። አዲሱ ሶፍትዌር በባዶው ቦታ ይጻፋል፤ የድሮው አይነካም። ተጽፎ አልቆ፣ ተነብቦ ትክክል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህኛው ተነሳ» የሚል ትንሽ ምልክት ይቀየራል። መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ዕቃው በድሮው ይነሳል። አንድሮይድ ከ7ኛው ሥሪት ጀምሮ ይህን መንገድ ለስልክ አምራቾች አቅርቧል። ርካሽ ሪሲቨር ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሁለት ቦታ ማለት ትልቅ ቺፕ ማለት ነው፣ ትልቅ ቺፕ ደግሞ ጥቂት ሳንቲም ያስጨምራል። የድልይብዛው ቤተሰብ ኳሱን ያጣው ለዚያች ሳንቲም ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

እናንተ ብትሠሩት

አሁን እናንተ ንድፍ አውጪ ሁኑ። በየዳ ውስጥ ገበሬውን ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ ውርጭ ነው፤ ገብሱን በአንድ ሌሊት ይመታዋል። ውርጭ መቼ፣ የት እንደሚወርድ ለማወቅ ከራስ ደጀን ግርጌ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ ዕቃ እንትከል። ብርዱን አትፍሩላት፤ የተለመደችው ቺፕ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ እንድትሠራ ተደርጋ ነው የተሠራችው።

በየ10 ደቂቃው አንድ መዝገብ፣ እያንዳንዱ 16 ባይት ይሁን። በቀን 144 መዝገብ፣ 2,304 ባይት። 8,388,608ን ለ2,304 ስናካፍል 3,640 ቀን፤ 10 ዓመት ገደማ! በአንዲት ቺፕ የአሥር ዓመት ብርድ ማኖር ይቻላል።

ግን ስሕተት ቀላል ነው። አንድ ጀማሪ «የመጨረሻውን መዝገብ የት እንዳደረስኩ እንዳልረሳ» ብሎ፣ ያንን ቁጥር በአንድ ሴክተር ላይ በየ10 ደቂቃው እየፋቀ ይጽፋል እንበል። 100,000 የምትለዋን ቁጥር አስታወሳችኋት? በቀን 144 ፍቂያ ማለት 100,000ው ከ695 ቀን በፊት ያልቃል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያቺ ሴክተር አስተማማኝነቷን ታጣለች፤ የቀረው ቺፕ ግን ገና አዲስ ነው።

ብልሁ ምን ያደርጋል? ቁጥሩን ከነጭራሹ አይጽፍም። መዝገቡን ብቻ ተራ በተራ ይደረድራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከመጀመሪያው እያነበበ ሄዶ 255፣ 255፣ 255 የሚለውን ባዶ ብራና ሲያገኝ «አሃ፣ እዚህ ነው ያቆምኩት» ይላል። ፍቂያ የለም፣ ድካም የለም። ቺፗን በጠባይዋ መያዝ ማለት ይህ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ሪሲቨርም ሆነ ራውተር ሶፍትዌር ከመጫናችሁ በፊት ባትሪው ሙሉ መሆኑን፣ መብራቱም የሚቆራረጥበት ሰዓት አለመሆኑን እዩ። ጭነቱ መሐል ላይ ከቆመና ዕቃው ዝም ካለ፣ ለመጣል አትቸኩሉ፤ «ረስቶ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። አያታችሁንም አስረዷቸው፤ የአክስታችሁ ልጅም አንገቱን ቀና ያድርግ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ለመብራት መጥፋት ቦታ ያልተወ ንድፍም አለበት።

ለመሰነባበቻ አንድ ጥያቄ። ባይቱ ላይ 11001111 ተጽፏል። ሳትፍቁ እላዩ ላይ 10101010 ብትጽፉ ምን ይገኛል? ወረቀት አምጡና ቢት በቢት ሥሩት። በአሥር ቤት ስትቀይሩት 138 ከመጣላችሁ፣ ያን ምሽት ሪሲቨሩ ምን እንደሆነ ለቤቱ ሰው ሁሉ ማስረዳት ትችላላችሁ።